የእትዬ የለቅሶ ሰዓት

እትዬ የእኔን ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰማ ተነስታ ፍሪጁን ነቀለችው።

ከመኝታ ቤት ስወጣ ሶኬቱን በእጇ ይዛ ቆማለች። «ይሄ ዕቃሽ ሊፈነዳ ነው መሰለኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ ያጉረመርማል» አለችኝ። ያጉረመረመው ፍሪጁ አልነበረም። መስኮቱ ሥር ያስቀመጥኳት ትንሿ ስፒከር ነበረች፤ ከውስጧ የሚወጣውም በዓለም ላይ ከምወዳቸው ሙዚቃዎች አንዱ ነበር። ይህንኑ ነገርኳት። ሶኬቱን መልሳ ሰካች፣ ስፒከሯን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ «አይ ልጄ፣ ብቻሽን ብዙ ቆይተሻል» አለችኝ።

እትዬ አክስቴ ናት፤ የእናቴ ታላቅ እህት። እናቴ እትዬ ስለምትላት እኔም እትዬ አልኳት፤ እናቴ ካረፈች በኋላም እንደዚያው ቀረ። ደብረ ብርሃን ላይ ያሳደጉኝ እሷና ባሏ ጋሼ ናቸው። ልጅ ስላልነበራቸው ሁለቱም ሙሉ ጊዜያቸውን እኔን በመቆጣት አሳልፈዋል። ጆሃንስበርግ የመጣችው ለሦስት ሳምንት ነበር፤ ማግባት አለማግባቴን በዓይኗ አይታ ልትመለስ። አለማግባቴን በመጀመሪያው ቀን አረጋግጣ ጨርሳ ነበር። ግን ኮሮና ገባ፣ አውሮፕላን ቆመ፣ አገሩ በሙሉ ተዘጋ፤ እኔና እሷም የሐበሻ ሱቅ ከሞላበት ከጀፕ ሰፈር ብዙ በማይርቅ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቆለፍን። ጀፕ ላይ መጋረጃና ብርድ ልብስ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ። መጋረጃ ለሕይወት አስፈላጊ አይደለም ተብሎ እሱም ተዘጋ። እትዬ ይህን ስትሰማ «እውነታቸውን ነው» አለች። መጋረጃዎቼን ከመጣች ጀምሮ አልወደደቻቸውም።

መቼም ሰው ሁሉ ይህን ሙዚቃ ከየት አመጣሽው ይለኛል። ከሶዌቶ ነው ያመጣሁት። እዚህ አገር የመጀመሪያ ዓመቶቼን ያሳለፍኩት ሶዌቶ ስፓዛ በሚሏት አንዲት የሰፈር ሱቅ ውስጥ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሜ ዳቦ፣ ወተትና የስልክ ካርድ ስሸጥ ነው። ደንበኛ ጠፋ ሲል ስልኬ ላይ የጃፓን ካርቱን፣ አኒሜ የሚሉትን፣ አያለሁ። የታሪኩን ግማሽ አልከታተልም ነበር፤ ሙዚቃው ግን ያዘኝ። ከዚያ ወደ ኤሌክትሮኒክሱ ተሻገርኩ፤ ከበሮ የሌለው፣ ዘፋኝ የሌለው፣ እንደ ጭጋግ ቀስ እያለ ቤቱን የሚሞላው ዓይነት። ያን ጊዜ የአገሬን ዘፈን መስማት አልችልም ነበር። የእኛ ዘፋኝ ሆድ ሊያስብስ ሲነሳ ነገሩን ሁሉ በስሙ ይጠራዋል፤ እናቱን፣ ወንዙን፣ የቀረበትን ሁሉ አንድ በአንድ። ይህኛው ምንም አይለኝም። ምንም ስለማይለኝ የፈለግኩትን አስቤ አለቅስበታለሁ፤ ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ዓይኔን ጠርጌ በቋንቋቸው «ሳውቦና ማማ» ብዬ ሰላም እላለሁ። የሚያጽናና ነገር የለውም፣ ግን ብቻዬን አይተወኝም ነበር። እንዲህ ብዬ ለእትዬ ላስረዳት ሞከርኩ። «ይሄን ያህል ከምታስረጂ አንድ ዘፋኝ ብትቀጥሪ አይሻልም?» አለችኝ።

በዚያ ላይ ጊዜው ሁዳዴ ነበር። እትዬ በሁዳዴ ዘፈን ያለበት ቤት አታድርም።

«ዘፈን እኮ አይደለም፤ ቃል የለውም» አልኳት።

«ቃል ከሌለው ይብሳል! ምን እያለ እንደሆነ በምን እናውቃለን?»

ክርክሩ አላልቅ ሲል ደብረ ብርሃን ለንስሐ አባቷ ተደወለ። ስልኩ ድምፁ ጎልቶ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። አባ ረጋ ብለው «ለመሆኑ ያስጨፍራል?» ብለው ጠየቋት። «ኧረ አባ፣ እንኳን ሊያስጨፍር እንቅልፍ ነው የሚያመጣው» አለች። «እንግዲያው ይተኛበት» አሉ። በዚህ ፍርድ መሠረት ሁዳዴን ሙሉ ሙዚቃዬን እየሰማሁ ጾምኩ፤ እትዬም እየሰማች በተቀመጠችበት አንቀላፋች። ስትነቃ ግን እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር አትልም። «እየጸለይኩ ነው» ትላለች።

አኒሜ ውስጥ የገባችው ከፋሲካ በኋላ ነው። አጠገቤ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ በላፕቶፔ የማየውን በጎን ታይ ጀመር፤ ቀስ በቀስ ጎኗ ወደ ፊት ዞረ። ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ ማንበብ አትችልም፤ ጃፓንኛውንማ ተዉት። እየተረጎምኩ ላሳያት ስል «ዝም በይ፣ አታቋርጪኝ» ትለኛለች። የምታየው በጆሮዋ ነበር።

«ይቺን ዓይነ ትልቋን አሁን ክፉ ነገር ይገጥማታል።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«አትሰሚም እንዴ? ሙዚቃው እኮ ትንፋሹን ዋጠ።»

ሰው ሲሞት አንድም ጊዜ ስታ አታውቅም። የቀረውን ግን እንደፈለገች ታደርገው ነበር። ወንድምና እህት የሆኑትን ታጋባለች፤ ሰይጣኑን የተበሳጨ የመንደር ዳኛ ታደርገዋለች። ትምህርት ቤት የሚሄዱትን ልጆች በሙሉ ደግሞ ወላጅ አልባ ናቸው ትላለች። «እናት ያላት ልጅ እንዲህ አጭር ቀሚስ ለብሳ በብርድ አትወጣም» ነው ምክንያቷ። እኔም አላረምኳትም። የእሷ ታሪክ ከእውነተኛው ይበልጥ ይጥመኝ ነበር።

ከሁሉ አንዱ ያዛት። በጀልባ ከደሴት ደሴት ፖስታ የሚያመላልስ የአንድ ሽማግሌ ታሪክ ነው። ሽማግሌው ከባሕሩ ዳር በተነሳ ቁጥር አንድ ሙዚቃ ይመጣል፤ ከሥር የሚያዜም ዝቅ ያለ የኤሌክትሮኒክስ ድምፅ፣ በላዩ ላይ እየቆየች ጠብ የምትል ፒያኖ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰማው እትዬ እንባዋን ለቀቀችው። እኔ ደግሞ ሳቅኩ።

«ሽማግሌው እኮ ነገ ይመለሳል እትዬ፤ ሥራው ነው።»

«ሳቂ፣ ሳቂ። እኔ ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ለቅሶ እንኳ አልደረስኩም፤ ማን ያውቅልኛል?»

ይህ ቀልድ አልነበረም። ደብረ ብርሃን እትዬ ያልተገኘችበት ለቅሶ ለቅሶ አይባልም። ቤቱን ታውቀው አታውቀው ግድ የላትም፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትገባና ድንኳኑን ታናውጠዋለች። የምታለቅሰው ለሟቹ ብቻ አይደለም። እዚያው የሰው ድንኳን ውስጥ እናቴንም፣ ያልወለደቻቸውን ልጆችም አልቅሳ፣ ንፍሮዋን ቆርጥማ፣ ቀለል ብሏት ትመለሳለች። «ያላለቀሰ ሰው ይታመማል» ትላለች፤ ደም ብዛቷን ሁሉ የምትቆጣጠረው በለቅሶ ነው። ጆሃንስበርግ ደግሞ ሲጋራ ሳይቀር የተከለከለበት ሰሞን ነበር፤ እንኳን ድንኳን ተጥሎ ለቅሶ ሊደረስ ቀርቶ።

ስለዚህ ጀልባዋ ለቅሶ ቤቷ ሆነች። ከምሳ በኋላ ፊቷን ትታጠብና፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ሶፋው ጥግ ላይ ትቀመጣለች። «በይ ጀልባዋን ክፈቺልኝ» ትለኛለች፤ ሙዚቃውን ማለቷ ነው። እከፍትላታለሁ። በሥነ ሥርዓቱ ታለቅሳለች፣ በሥነ ሥርዓቱ ትጨርሳለች፣ «ተመስገን» ትላለች፤ ከዚያ ሻይ ይመጣል። እኔም የለቅሶ ሰዓት የሚል ስም አወጣሁለትና በየቀኑ እነካካታለሁ።

«ዛሬ ማንን ቀበርሽ እትዬ?»

«ያንቺን ባል።»

«እኔ እኮ ባል የለኝም።»

«እኮ፣ እሱን ነው የማለቅሰው።»

ጋሼ በየቀኑ ይደውሉ ነበር። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ወሬ አይወዱም፣ ስልክ ላይ ደግሞ ይብስባቸዋል። እትዬ ስለ ዶሮዎቿ ትመረምራቸዋለች። «በላሃቸው አይደል?» ትላለች። «ሁለት ብቻ» ይላሉ። ከዚያ ተራው የእኔ ነው። «በልተሻል?» ይሉኛል፤ «በልቻለሁ» እላለሁ፤ «ጥሩ» ይላሉ፤ በቃ። ከአሥር ዓመት በላይ በስልክ ያወራነው ይሄንኑ ነው። አንድ ቀን እትዬ ስልኩን ስፒከሯ ላይ አስጠግታ ጀልባዋን ከዳር እስከ ዳር አሰማቻቸው። ትንፋሻቸው እንኳ ሳይሰማ ጸጥ ብለው አዳመጡ። ሲያልቅ «ደኅና ነው፤ መቼ ነው የሚጀምረው?» አሉ። እትዬ በሳቅ ሞተች። እኔ ግን ትንሽ ደስ አለኝ፤ ሌላ ሰው ቢሆን አቋርጦ ይዘጋው ነበር።

ክረምቱ ገባ። ጆሃንስበርግ ክረምት ማለት ብርድ ማለት ነው፤ ብርድ ስለሆነም ብርድ ልብስ ይሸጥ ተባለና ሱቄ ተከፈተ፤ የለቅሶ ሰዓትም ከሱቅ ስመለስ ወደ ማታ ተዛወረ። በዚያው ሰሞን አገር ቤት ኢንተርኔት ጠፋ። የጋሼ ስልክ አንድ ቀን ቢመጣ ሁለት ቀን የሚቀር ሆነ። እትዬ «ኔትወርክ ነው» እያለች ራሷን ታጽናናለች።

ሐሙስ ጠዋት ሱቅ ቆሜ ለአንዲት ደንበኛ መጋረጃ ዘርግቼ እያሳየሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የጋሼ ታናሽ ወንድም ነበር። «ጋሼ ሌሊት አረፉ» አለኝ። «ልባቸው ነው። እሷ እንዳትሰማ። እዚያ ያሉትን ትልልቅ ሰዎች አናግሪና በወጉ ትረዳ። በርቺ እንግዲህ።» መስመሩ ተቋረጠ። ደንበኛዬ መጋረጃውን ወደ ብርሃን አዙራ እያየች «ይሄ ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል?» አለችኝ። «አይለቅም» አልኳት። አጥፌ፣ በፌስታል አድርጌ ሰጠኋት።

ለእኛ ሞት በስልክ አይነገርም። መርዶ ወግ አለው። ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ ተመጥቶ፣ ሐዘንተኛዋን አስቀምጦ፣ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ሆኖ ነው። ብቻዋን የተረዳች ሴት ልቧ ቀጥ ሊል ይችላል ይባላል፤ እትዬ ደግሞ ደም ብዛት አለባት። ስለዚህ ጀፕ ያሉትን ሽማግሌዎች አነጋገርኩ። መሰብሰብ ክልክል ነው፤ ወታደሩም መንገድ ላይ ነው። መክረው መክረው፣ ሦስት ሆነን እሑድ ማለዳ እንመጣለን አሉ። እስከዚያ የእኔ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ እትዬ ምንም እንዳታውቅ ማድረግ።

ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ የጆሮ ማዳመጫዬን ሰካሁና ጀልባዋን ከፈትኩ። ቤት ሳልደርስ እዚሁ አልቅሼ ልጨርስ ብዬ ነው፤ ማስክ አለ፣ ማንም አያየኝም። ምንም አልመጣም። ፒያኖዋ ጠብ አለች፣ ከሥር ያለው ድምፅ ዜማውን ያዜማል፣ እኔ የታክሲውን መስኮት አያለሁ። ሶዌቶ ስንት ዓመት ያስለቀሰኝ ሙዚቃ ድንገት የፍሪጅ ድምፅ ሆነብኝ። ጨካኝ የሆንኩ መሰለኝ፣ በራሴም አፈርኩ።

የሚገርመው ውሸቱ አላስቸገረኝም። «ጋሼ ደወለ?» ስትል «ኔትወርክ የለም» እላለሁ፣ ታምናለች። ያስቸገረኝ የለቅሶ ሰዓት ነው። እያወቅኩ፣ እሷ ሳታውቅ፣ ያንን ሙዚቃ ከፍቼላት ስታለቅስ ማየት አልቻልኩም። ሐሙስ ማታ ገና ነው የገባሁት ብዬ አለፍኩት። ዓርብ ዳታ አልቋል አልኩ። ቅዳሜ ሱቅ ስላልሄድኩ ምክንያት አልነበረኝም፤ ከበሮ ያለው፣ ሞቅ ያለ፣ ወጣት የሚጨፍርበትን ከፈትኩላት።

«ይሄ ምንድን ነው? ወፍጮ ቤት ገባን?»

«ትንሽ ደስ ይበልሽ ብዬ ነው።»

ሙዚቃው በተራ በተራ ሲሄድ ጀልባዋ ጋ ደረሰ። የመጀመሪያዋ ፒያኖ ጠብ ከማለቷ እጄ ቶሎ ብሎ አሳለፋት።

«አለፍሻት» አለች።

«ምኑን?»

«የእኔን። ትናንትም ሰበብ ፈጠርሽ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ አልሳቅሽብኝም። ማንን ቀበርሽ አላልሽኝም።»

ለመሳቅ ሞከርኩ። ፊቴ እንቢ አለኝ።

«ሳለቅስ ስትስቂ የነበርሽው ልጅ፣ ዛሬ እንዳላለቅስ ፈራሽ» አለች። ቀጥላ በጣም ቀስ ብላ፣ «እሱ ነው?» አለችኝ።

እኔ መናገር አልችልም፤ ወጉ አፌን ይዞታል። «አይደለም» ማለት ግን አቃተኝ። ስልኬን አየሁ። እትዬ መልሷን ከዚያ ወሰደች።

«እሺ» አለች። «ክፈቺያት።»

ከፈትኩላት። ድንኳን የምታናውጠው ሴት ያን ቀን ድምፅ አላወጣችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ባለጀልባው ሽማግሌ በሌለበት ባዶ ግድግዳ ላይ ተክላ ሰማችው። ሲያልቅ «ድገሚው» አለች። ደገምኩት። ለምን ያህል ጊዜ እንደደጋገምነው አላውቅም። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ትከሻዋን አያለሁ፤ ሙዚቃው ከእኔ አልፎ እሷ ጋ ብቻ ይሄዳል።

በመጨረሻ አፍንጫዋን ጠረገችና «ነገ ነው የሚመጡት?» አለች።

«ነገ ማለዳ።»

«ስንት ናቸው?»

«ሦስት።»

«ሦስት ሰው?» ድምጿ ተሰበረ። «ለእሱ፣ ሦስት ሰው?» ከዚያ የድሮዋ እትዬ መጣች። «በይ እንዳታሳፍሪኝ። አላወቅሁም። ሰዎቹ ወታደር አልፈው ሊያረዱኝ መጥተው ሰምታለች ሲባሉ ምን ይሰማቸዋል? ቤቱንም አጽጂ፤ ያንን መጋረጃ ደግሞ ቀይሪው።»

እሑድ ገና ሳይነጋጋ መጡ፤ ሁለት ሽማግሌና አንዲት እናት፣ ሁሉም በማስክ። እትዬ በሩን ራሷ ከፈተች። «ምነው በጠዋት? በደኅና ነው?» አለች። አጠያየቋ እውነት ከመምሰሉ የተነሳ እኔ እንኳ ለአፍታ ያላወቀች መሰለኝ። ርቀት ጠብቀው ቆሙ፤ ትልቁ ሽማግሌ ጀመሩ። እትዬ ግን አላስጨረሰቻቸውም። ጩኸቷ ሕንፃውን ሰነጠቀው። በየፎቁ በር ተከፈተ፤ ዘበኛው ደረጃውን እየሮጠ ወጣ። ርቀት ጠብቁ የተባሉት ሰዎች ርቀቱን ረስተው ከግራ ከቀኝ ያዟት፤ የሽማግሌው ማስክ በእንባ በስብሶ አገጫቸው ላይ ወረደ። ትወናው መቼ እንዳበቃ አላየሁም። ምናልባት መጀመሪያውኑ አልነበረም። እሷ ስሙን እየጠራች፣ የነዳባቸውን መንገዶች እያነሳች፣ የበላውን ዶሮ ሳይቀር እያነሳች አለቀሰች፤ ሁለቱንም ዶሮ።

እኔ ሻይ አፈላሁ፤ ወንበር አቀረብኩ፤ እጃቸውን የሚያጸዱበት አልኮል አዞርኩ። ሴትየዋ ስታልፍ «ጎበዝ፣ ልጅ ማለት እንዳንቺ ነው» ብላኝ ሄደች። ብዙ መቆየት አይቻልም ነበርና ይዘው የመጡትን ምግብ በሳህን አስቀምጠው፣ አጽናንተው ወጡ።

በሩ ሲዘጋ እትዬ ፊቷን ታጠበች። መጥታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። እኔ ብርጭቆ እሰበስባለሁ። ለረጅም ጊዜ ስታየኝ ቆየችና፣

«አንቺንስ ማን አረዳሽ?» አለችኝ።

«እ?»

«አንቺን። ማን ነው ያረዳሽ?»

«በስልክ ነገሩኝ።»

«ምን ብለው?»

«እሷ እንዳትሰማ ብለው።»

«የት ሆነሽ?»

«ሱቅ። መጋረጃ እየሸጥኩ።»

«ቆመሽ?»

«ቆሜ።»

እትዬ ደረቷን መታች። «ቆማ!» አለች ለማንም ሳይሆን። ተነስታ ብርጭቆዎቹን ከእጄ ወሰደች፤ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው። እጄን ይዛ ሶፋው ላይ አስቀመጠችኝ። ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። ስልኬን ሳይቀር ከኪሴ አውጥታ አራቀችው። ከዚያ ፊት ለፊቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ጉልበቴን በሁለት እጇ ያዘች። ስትጮህ ስላረፈደች ድምጿ ተዘግቶ ነበር፤ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«ልጄ» አለችኝ። «አባትሽ አረፈ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ጋሼን አባትሽ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔም ብዬ አላውቅም። አፌን ከፈትኩና «አባዬ!» ብዬ ጮህኩ፤ እትዬም ያዘችኝ።